ከእንሰቱ ማዶ የቆመው መስታወት

ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ የሚወጣው መንገድ፣ ገረሴ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እንደ ክርን የታጠፈ ኩርባ አለው። መንገዱ ሲቀየስ የአንድ ቤተሰብ መሬት ለሁለት ከፍሎ ነው ያለፈው። ቤቱና የእንሰቱ ቦታ በኩርባው ውስጠኛ ጎን ቀሩ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጎመን የሚተከልባት ጠባብ ቁራሽ ተረፈች። እንሰቱ ከቤቱ ጣሪያ ይረዝማል። ከላይ የሚመጣ ሹፌር ከታች የሚመጣውን አያይም፤ ከታች የሚመጣውም እንደዚያው። ስለዚህ በዚያ መስመር የሚሠራ ሁሉ ኩርባው ጋ ሲደርስ ክላክስ ያደርጋል። የትም የተጻፈ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ሹፌር ከነባሩ የሚማረው ልማድ ነው። የቤቱ እመቤት አገርነሽ ጓሮ ሆና፣ ከክላክሱ ድምፅ ብቻ የማን መኪና እንደሆነ ትለይ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጇ ቤተል ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እዚያው ኩርባ ላይ አይሱዙ ገጭቶ ገደላት። ሹፌሩ ብዙነህ ይባላል፤ የገረሴ ሰው ነው፤ ድንች ጭኖ ወደ አርባ ምንጭ ይወርድ ነበር። አገርነሽ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። የሰማችው የፍሬን ጩኸት ነው። ከዚያ በፊት የሰማችው ነገር የለም።

ብዙነህ ግን ለፖሊስም ለዳኛም አንድ ቃል ሰጠ። "ክላክስ አድርጌያለሁ። ልጅቷ ከእንሰቱ ውስጥ ድንገት ወጣችብኝ።" ረዳቱ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ አለ። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ዳኛው የእናትየውን ቃል በጥሞና ከሰማ በኋላ፣ እሷ አልሰማሁም ስላለች ብቻ አልተደረገም ማለት እንደማይቻል አስረዳት። ብዙነህ በነጻ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገኖች ዱቡሻ ላይ ሰበሰቡ። ዱቡሻ የአገሩ ሰው የሚመክርበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ብዙነህ ርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ያንኑ ቃል ደገመው። ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ጎሜ ያገኘዋል ይላሉ ትልልቆቹ፤ ልጅ አያቅፍም፣ ላሙ ትነጥፋለች፣ እጁ የነካው ሁሉ ይበላሻል። አገርነሽ ጴንጤ ናት፤ በጎሜ አታምንም። ቢሆንም ሣሩን ሲይዝ ጣቶቹን ተመለከተች። አልተንቀጠቀጡም። እርቅ ወረደ ተባለ። ባሏ ፈቃደ ወደ ሸማ ሥራው፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለሰ። እሷ ከኩርባው ጋር ቀረች።

በሰኔ፣ አንድ ጠዋት ጎመኗን ስትኮተኩት አይሱዙው መጥቶ ከአጠገቧ ቆመ። ብዙነህ ብቻውን ወረደ። ከጭነቱ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር፣ የብረት ቱቦና ዶማ አውርዶ መንገዱ ዳር አስቀመጠ።

"እንደምን አደርሽ፣ የቤተል እናት።"

"በዚያ ስም አትጥራኝ።"

ጆንያውን ፈታው። ሆዱ ወደ ውጭ ያበጠ፣ የትሪ ያህል የሰፋ መስታወት ነው። ሰማዩ፣ እንሰቱ፣ ቤቷ፣ እሷም ራሷ ጎብጠውና አንሰው ውስጡ ታዩ።

"የመንገድ መስታወት ነው" አለ። "የሹፌሮች ማኅበራችን ከአዲስ አበባ አስመጣው። እዚህ ይተከል ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ከላይ የሚመጣው ከታች ያለውን ያይበታል። ሰውም ቢሆን፣ ከብትም ቢሆን።"

"የት ነው የምትተክለው?"

"ከዚህ ሌላ የሚያሳይ ቦታ የለም። አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ከጎመኑ ዳር።"

አገርነሽ መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ተክላ ቀና አለች።

"ከዚያ መንገደኛው ምን ይላል? ልጅቷን የገደላት እንሰቱ ነው፣ ያኔ መስታወት ስላልነበረ ነው ይላል። አይደል?"

"እኔ እንደዚያ አልወጣኝም።"

"ዳኛው ፊት ወጥቶሃል። እንሰቴን ከሰስከው። አሁን ደግሞ ምስክር ገዝተህበት መጣህ።"

"እሺ ምን ላድርግ? አንቺው ንገሪኝ።"

"ክላክስ አላደረግኩም በል።"

ብዙነህ ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ። ከታች፣ ሩቅ፣ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ነበር።

"አድርጌያለሁ" አለ።

"እንግዲያው ዶማህን አንሣ።"

"ነገ ሌላ ልጅ ቢሞትስ? በማን ይሁን?"

"በአንተ። ለምደኸዋል።"

ፊቱ ደም ለበሰ። ዕቃውን መልሶ ጫነ። ሲሄድ ኩርባው ላይ ረጅም ክላክስ አደረገ። እሷ ስድብ አድርጋ ወሰደችው።

ሻሺቱ፣ የባሏ እኅት፣ በማግስቱ መጥታ ወሬውን ሁሉ ዘረገፈችው። "የብዙነህ ሚስት ጽንሱ ወረደባት አሉ። መኪናውም ሁለቴ ሞተሩ ተቃጠለ። ሰውየው ፈርቷል እኮ! መስታወቱን ለአንቺ ብሎ መሰለሽ? ጎሜውን ሊያራግፍ ነው።"

"ቃሉን ይናገርና ያራግፍ።"

"አይ አንቺ! እሱ ብረት ተሸክሞ ቢመጣ ይሻለዋል።"

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት የሚመራቸው የባሏ አጎት ጋሽ ኦይታ ነበሩ። ደጇ ላይ ተንበረከኩ፤ ሁሉም ርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልሰማም ብሎ ማለፍ በጋሞ ምድር የለም። አገርነሽም አውቃ በሩ ላይ ቆመች፤ ቶሎ ተነሡ አላለቻቸውም።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ኦይታ፣ "ወረዳው ከሁለት አንዱን መርጣችሁ አሳውቁን ብሏል። ወይ እንሰቱ ይቆረጥ፣ ወይ መስታወቱ ይተከል። እንሰቱ ከተቆረጠ ምን ትበያለሽ?"

"ጋሽ ኦይታ፣ እርስዎ ያምኑታል? ክላክስ አድርጓል?"

"ሣር ይዞ ተናግሯል።"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

ሽማግሌው ሣሩን ከፍ አደረጉ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ታውቃለች። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው በጠጠር ላይ ተንበርክኮ ዝም ሲል ማየት ከክርክር ይከብዳል።

"ይነሡ" አለች በመጨረሻ። "ሣሩን አይቻለሁ። ግን ሲቆፍር ውሃ ቢጠማው ከዚህ ቤት አይጠጣም።"

"ሣር ላይ ቅድመ ሁኔታ አይጨመርም።"

"ቅድመ ሁኔታ አይደለም። እየነገርኩዎት ነው።"

መስታወቱ ተተከለ። ሹፌሮቹ ወደዱት። ከላይ የመጣው ፍጥነቱን ቀንሶ አንድ ጊዜ ቀና ይላል፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን ያያል፣ ያልፋል። መስቀል ሲደርስ ክላክስ የሚያደርግ አልቀረም። ምን ሊያደርግለት? የሚመጣው ይታየዋል። ኩርባው ዝም አለ። ሰዉ ይህን ሰላም ብሎ ጠራው። አገርነሽ ግን ጓሮ ሆና ዝምታውን ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። ማንም ክላክስ የማያደርግ ከሆነ፣ ክላክስ አለማድረግ ጥፋት እንደነበረ ማን ያስታውሳል? ከጥቂት ዓመት በኋላ የእሷን ክስ ለአንድ ወጣት ሹፌር ቢነግሩት፣ "ታዲያ ምን ይሁን?" ነው የሚለው።

በኅዳር አንድ ቀን ደጇ ላይ ተቀምጣ ድንች ስትልጥ ቀና አለች። መስታወቱ ውስጥ አይሱዙው ቁልቁል ይመጣል፤ ትንሽ፣ ጎባጣ። ጋቢናው ውስጥ የብዙነህ ፊት ነበር። እሱም አያት። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ በመካከላቸው ግን መንገዱና እንሰቱ አሉ፤ መስታወቱ ባይኖር ኖሮ ገና አይተያዩም ነበር። እሱ ዓይኑን እሳት እንደነካው ሰው ሰበረ። መኪናው ትንሽ ዘወር ብሎ ተስተካከለና አለፈ።

አገርነሽ ቢላዋውን እንደያዘች ቆየች። እሷ ካየችው እሱም ያያታል። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲያያት ስትፈልግ የቆየችው ሰው ይኸው በገዛ እጁ ማሳያውን ተክሎላታል። ይህን ለምን ቀድማ እንዳላሰበችው ገረማት።

በማግስቱ የእንሰት መፋቂያዋን ከጓሮ አወጣች። ሳንቃውን መንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ዘመም አድርጋ አሰረችው፤ ልክ መስታወቱ መሐል ላይ በሚታይበት ቦታ። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ትቀመጥና አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ከግንዱ የተላጠውን ከሳንቃው ጋር በተረከዟ ትይዛለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ቀሚሷ እስከ ጭኗ መሰብሰቡ አይቀርም። ስለዚህ በዚያ አገር እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቆምም፤ ባሏም ቢሆን። ሳያውቅ የደረሰ ዓይኑን መልሶ ያልፋል፤ ስላየውም ለማንም አይናገርም። ሥራው ጓሮ የሚሠራው፣ እንሰቱ ውስጥ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሻሺቱ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አብደሻል? መንገድ ዳር ይፋቃል?"

"ጓሮው ረጠበ።"

"በበጋ? ማን እመስልሻለሁ? ኧረ ወንድሜ ቢሰማ!"

"ወንድምሽ ልጁን ቀብሮ ሸማው ጋ ሄዷል። ይስማ።"

"አገርነሽ፣ እባክሽ። ሹፌር ሁሉ ያይሻል።"

"አንዱ ይየኝ። ሌላው ምን ቸገረኝ።"

ብዙነህ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሁልጊዜ እዚያ ናት። መኪናው ሲያጉረመርም ሥራዋን ሳታቆም መስታወቱን ታያለች፤ የጋቢናው ትንሽ ፊት ብቅ ሲል ታፈጣለች። እሱ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞራል። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ሲገተር እንኳ የምታየው ይመስላታል። በዚያን ዕለት የምትፍቀው እንሰት ቶሎ ያልቃል።

በጥር መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ዕዝራ በሞተር ሳይክሉ መጥቶ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ቤተልን የቀበረ እሱ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ጀርባውን ሰጣት፤ ፊቱን ወደ ጎመኑ አድርጎ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"እኅት አገርነሽ፣ በጀርባዬ ስለማናግርሽ ይቅርታ።"

"ምንም አይደል። ጀርባህም ይሰማል።"

"ሹፌሮቹ ተቸግረዋል።"

"ምን አሉ?"

"ምንም አይሉም። ችግሩ እሱ ነው። ማንም ምንም አይልም፤ ግን መስታወቱን ማንም አያይም። እኔም አላይም። እዚህ ስደርስ እንደ ድሮው ጆሮዬን ነው የምጥለው፤ ጆሮዬ ደግሞ በዚህ ሞተር ድምፅ ደንቁሯል።"

"ክላክስ አድርጉ።"

"ልማዱ ጠፋ እኮ። እጅ ይረሳል። መፋቂያውን ወደ ጓሮ ብትመልሺው ምናለ?"

አገርነሽ መፋቋን ቀጠለች። የሚንጠባጠበው ውሃ ተረከዟን አራሰው።

"ማኅበራቸው ካልተናገረ አልተቸገሩም" አለች።

ዕዝራ ጀርባውን እንደሰጠ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እውነቱን እንደነገራት ታውቃለች። ነገ እመልሰዋለሁ አለች በልቧ፤ በማግስቱ ግን ብዙነህ የሚወርድበት የገበያ ቀን ነበር።

በዚያ የገበያ ቀን ፀሐዩ ጥርት ያለ ነበር። አገርነሽ ከላይ የአይሱዙውን ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ መስታወቱን አየች። በአንደኛው ጠርዝ መኪናው ይመጣል። በሌላኛው ጠርዝ የዕዝራ ሞተር ሳይክል ይወጣል። ሁለቱም እንደ መጫወቻ ትንንሽ ናቸው፤ ከሁለቱ ጠርዝ ተነሥተው ወደ መሐሉ፣ እሷ ወደተቀመጠችበት ይቀራረባሉ። የብዙነህ ፊት ወደ ገደሉ ዞሯል። የዕዝራ ፊት ወደ መንገዱ ጠጠር ተደፍቷል። ሁለት ወንዶች እሷን ላለማየት የማይተያዩ። ክላክስ ያደረገ የለም።

"ቁሙ!" ብላ ጮኸች።

የጮኸችው ከፍሬኑ ጋር እኩል ነው።

ዕዝራ አልሞተም። ሞተሩ አይሱዙው ሥር ገብቶ ተጨፈለቀ፤ የዕዝራ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። አገርነሽ እግሩን በነጠላዋ አሰረችለት። ብዙነህ ከኋላው ያዘው። በሕይወታቸው እሷና ብዙነህ እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም፤ እጃቸው አንድ ደም ነክቶ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሌላ መኪና ቆሞ ዕዝራን ጭኖ ሄደ።

የትራፊክ ፖሊሱ ጌታነህ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የከተማ ልጅ ነው። መንገዱን ለካ፣ መስታወቱን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አየ።

"አቧራ እንኳ የለበትም! እንደ ትሪ ያበራል። ዕውር ነህ?"

"አይደለሁም" አለ ብዙነህ።

"ጠጥተሃል?"

"አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ምን እያየህ ነበር?"

ብዙነህ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። የተሰበሰቡት ወንዶች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጌታነህ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ።

"ምን ሆናችኋል? ምላሳችሁ ተቆለፈ እንዴ?" አለና መዝገቡን ዘመም ብሎ በቆመው ሳንቃ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ሳንቃው ላይ የእንሰቱ ነጭ ፍቅፋቂ ገና አልደረቀም ነበር፤ ወረቀቱ ሥር ረጠበበት። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለ እጅጌውን እያራገፈ።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አለ ብዙነህ። "መስታወቱን አላየሁም። ጻፍ።"

ይህን ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ፣ ያለ መስታወት፣ አገርነሽን አያት። ዓይኑ ውስጥ ልመናም ቁጣም አልነበረም። ጉዳይ የጨረሰ ሰው አስተያየት ነበር።

ማታውን ሻሺቱ እየሳቀች ገባች። "ፈረደልሽ እኮ እግዚአብሔር! ይኸው ይታሰርልሻል።"

"ማንን ሸፍኖ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እኔን ሸፍኖ ነው የሚገባው። እስር ቤት ተቀምጦ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ልጇን ገደልኩ፣ ነውሯን ሸፈንኩ፣ ዕዳችን ተወራርዷል ነው የሚለው።"

"ይበል እንጂ! አንቺ ዝም በይ። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል።"

"እሱ የሰጠኝን ዝምታ ደጄ አላስገባም።"

ዕዝራ እግሩ በጀሶ ታስሮ ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ጠሩ። ጌታነህንም እንዲሰማ ጋበዙት። ወንዶቹ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሴቶች እንደ ልማዱ ከዳር ቆሙ። ከእነሱ መሐል የብዙነህ ሚስት ነበረች፤ እንደገና አርግዛ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ በጋቢ ሸፍናዋለች። ዕዝራ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቷል።

ጋሽ ኦይታ ምርቃታቸውን ጨርሰው ነገሩን ሊከፍቱ ሲሉ አገርነሽ ከዳር ተናገረች።

"መፋቂያውን መንገድ ዳር ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ክቡ ተንጫጫ። "ይሄ እዚህ የሚነገር ነገር አይደለም!" አለ አንዱ።

"ስላልተነገረ ነው የዚህ ሰው እግር የተሰበረው።"

"ለምን አወጣሽው?" አሉ ጋሽ ኦይታ።

"ብዙነህ እንዲያየኝ። መስታወቱን ባየ ቁጥር እኔን እንዲያይ። ሌሎቻችሁ ዓይናችሁን እንደምትመልሱ አላሰብኩም። ዕዝራ መጥቶ ነገረኝ። ሰምቼ ተውኩት።" ወደ ዕዝራ ዞረች። "እግርህን እኔም ሰብሬዋለሁ።"

ሰዉ ሁሉ ወንጌላዊው ይቅር ብዬሻለሁ እስኪል ጠበቀ። ዕዝራ እግሩን በሁለት እጁ አነሣና ቦታ ቀየረለት።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ዛሬ ሌላ ቃል የለኝም። ያመኛል።"

አገርነሽ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ክቡ ገባች፤ ሴት እስከዚያ አትገባም፤ የከለከላት ግን አልነበረም። ብዙነህ ፊት ቆመች።

"የእኔን ጨረስኩ። የሸፈንክልኝ ነገር የለም፤ ይኸው ገልጬዋለሁ። አሁን የአንተ።"

"ጥፋቴን አምኛለሁ" አለ ብዙነህ ወደ ጌታነህ እያየ። "ጽፎታል።"

"ስለዚህኛው አይደለም።"

"ያኛው ታርቋል! ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ሁለተኛ አይነሣም። ጋሽ ኦይታ፣ ይንገሯት እንጂ!"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ከእግራቸው ሥር ጭብጥ ርጥብ ሣር ነጭተው ዘረጉለት።

"አንሥቼ አልጠይቅህም" አሉ። "ሣሩን ያዝና የዚያን ጊዜውን ቃልህን ድገመው። ያን ጊዜ አልከበደህም። እውነት ከሆነ ዛሬ ምን ይከብድሃል?"

ብዙነህ ተነሣ። እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ሣሩን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ዓይኑ ከሽማግሌው ትከሻ በላይ አልፎ ወደ ሴቶቹ ሄደ። ሚስቱ ጋቢዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ጨብጣ ትመለከተው ነበር። ራሷን እጅግ በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ክላክስ..." አለ ብዙነህ።

እጁ ወረደ። ሣሩ በሽማግሌው መዳፍ ላይ ቀረ። ጋሽ ኦይታ እንደዘረጉለት ቆይተው ሣሩን መልሰው መሬት ላይ አኖሩት። የተቀመጡት ሁሉ፣ ከሽማግሌ እስከ ጎልማሳ፣ ፊታቸውን ከብዙነህ መለሱ።

ጌታነህ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጎንበስ አለ። "ምን ተፈጠረ? ምንም አላለም እኮ።"

"ብሏል" አለው ሰውየው።

አገርነሽ ድሉን እንደዚህ አልጠበቀችውም። ቃሉን በጆሮዋ መስማት ነበር የፈለገችው፤ ሁለቱን ቃላት ብቻ፣ ክላክስ አላደረግኩም የሚለውን። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ነፈጋት። ከክቡ ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። መፋቂያውን ከባሕር ዛፉ ፈትታ ጓሮ መለሰችው። ሳንቃው ከባድ ነው፤ ሻሺቱ ልታግዛት ስትመጣ ገፋቻት።

ብዙነህ በዕዝራ ጉዳይ በገደብ ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፤ አይሱዙውን ሌላ ሰው ይዞታል። የቤተል መዝገብ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ያልተያዘ ሣር ፍርድ ቤት አይቀርብም። ሽማግሌዎቹ ከሹፌሮቹ ማኅበር ጋር ተስማሙ፤ መስታወቱም ይቆያል፣ ክላክሱም ይመለሳል። ተመለሰ። አገርነሽ ጓሮ ሆና አዲሶቹን ድምፆች መለየት ጀመረች።

በክረምት ገረሴ ላይ ጉም ይወርዳል። መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ላብ እንደወጣው ፊት ይረጥብና ምንም አያሳይም። አገርነሽ የሕፃናቱ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜም ቢሆን ጎመኗ ጋ ወጥታ በአሮጌ ጨርቅ ትወለውለዋለች። አንድ ጠዋት ድንጋይ ላይ ቆማ ስትጠርግ፣ መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው በእግሩ ሽቅብ ሲመጣ አየች። ጆንያ ተሸክሟል። እስኪቀርብ ብዙነህ መሆኑን አላወቀችም፤ ያለ መኪናው አንሶ ይታያል።

ከኋላዋ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማል።

"ላይኛው ጠርዝ አልደረስሽበትም" አለ። "እኔ እደርሳለሁ። ስጪኝ ጨርቁን።"

"እጅህን ሰብስብ።"

"አንቺ ሴት፣ የተከልኩት እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። ጉድጓዱን ስትቆፍር አይቼሃለሁ።"

ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ አየች፤ ሳትዞር፣ በመስታወቱ። አላገዘችውም። ጨርቁን ጨመቀችና ከላይ ያልደረሰችበትን ጠርዝ በጣቷ ጫፍ ተንጠራርታ ነካችው። ግማሹ ጠራ።

"ወንድ ልጅ ነው የተወለደልኝ" አለ በመጨረሻ።

"ከመንገድ አርቀው።"

ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ረጅም ክላክስ ተሰማ። ሁለቱም ወደ መንገዱ ዳር ተጠጉ፤ እሷ ወደ ጎመኑ፣ እሱ ወደ እንሰቱ። መኪናው በመካከላቸው አለፈ። ጭሱ ሲገለጥ ብዙነህ ጆንያውን ተሸክሞ ሽቅብ ይሄድ ነበር። እሷ ድንጋዩ ላይ መልሳ ወጣችና የቀረውን ግማሽ መጥረግ ጀመረች።